መጀመሪያ እንስማ

ጃዝ የሚወድ ሰው አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ይሄን የምለው ራሴን አይቼ ነው። «ና፣ አንድ ነገር ላሰማህ» ብሎ ይጠራሃል። ቡናው ይቀርባል፣ ማጫወቻው ይከፈታል፣ ሙዚቃው ግን አይጀመርም። መጀመሪያ ትራምፔቱን ማን እንደሚነፋ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደነበር፣ ስቱዲዮው የት ሰፈር እንደነበር መስማት አለብህ። ሙዚቃው ሲጀመርም እፎይ አትልም። «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ስማት!» እያለ ክንድህን ይይዛል። ስምንት ደቂቃ ሙሉ የሰማኸው ሳክስፎኑን ሳይሆን እሱን ነው።

በዚህ ጠባዬ ስንቱን ከጃዝ እንዳባረርኩ ቤት ይቁጠረው። የእህቴ ባል ዛሬም ድረስ እቤቴ ሲመጣ ገና ከበሩ ላይ ስፒከሮቹን ያይና «ዛሬ ትምህርት የለም አይደል?» ይለኛል።

ከዚህ ያወጡኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ክራር ይጫወታሉ፤ ለድግስ አይደለም፣ ማታ ማታ ለራሳቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየወሩ የመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤት እንሰባሰባለን። አራት ነን፦ እሳቸው፣ እኔ፣ አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ፣ እና በየሰርጉ ሳውንድ ሲስተም የሚተክል ጎረምሳ። ተራ የደረሰው ሰው አንድ ቀረጻ ይዞ ይመጣል። አንድ ብቻ። ማኅበር አይደለም፣ ዕቁብም አይደለም፤ ልጁ ግን «የጆሮ ዕቁብ» ይለዋል፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዕጣው ለኔ ወጣ። የአሜሪካዊውን ትራምፔት ነፊ የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» መረጥኩ፤ ማን ቢሆን ሌላ ይመርጣል? ከሸክላው ጋር ሁለት ገጽ ማስታወሻ ይዤ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ቀን 1959፣ ኒውዮርክ፣ 30ኛው መንገድ ላይ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ስቱዲዮ ውስጥ፤ ጆን ኮልትሬንና ካነንቦል አደርሊ በሳክስፎን፣ ቢል ኤቫንስ በፒያኖ (በአንደኛው ዜማ ላይ ዊንተን ኬሊ ተክቶታል)፣ ፖል ቼምበርስ በቤዝ፣ ጂሚ ኮብ በድራም... ወረቀቴን ዘርግቼ ጉሮሮዬን ስጠርግ ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ እንስማ። ወሬው የትም አይሄድብህ።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም።

የመጀመሪያው ዜማ «ሶ ዋት» ነው። ፒያኖና ቤዝ እየተዳበሱ ይገባሉ፤ መንገዱ ገና ያልተጠረገ ይመስላል። ከዚያ ቤዙ ዋናውን ዜማ ራሱ ይይዘዋል። እሱ አንድ ሐረግ ይላል፣ ሌሎቹ በሁለት ኖታ ይቀበሉታል። እንደ አውራጅና ተቀባይ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ያንቀሳቅሳሉ። ጥቂት ቆይተው ድንገት ዓይናቸውን ገለጡና፦

«ቅኝቱን ለወጠው» አሉ።

ስምንት ባር (የሙዚቃ ምት መለኪያ) አለፈ። «መለሰው» አሉና መልሰው ጨፈኑ።

እኔ ስለዚህ ዜማ ማንበብ ከጀመርኩ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። እዚያው ኪሴ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፦ 32 ባር ነው፤ 16ቱ በአንድ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ላይ ይቆያሉ፣ ቀጣዮቹ 8 በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ፣ የመጨረሻዎቹ 8 ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት የነበረው የጃዝ ሶሎ በየባሩ በሚለዋወጥ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ላይ እየተንጠላጠለ ነበር የሚሄደው፤ ማይልስ ኮርዱን ቀነሰና ተጫዋቹን አንድ ስኬል ላይ አቁሞ «እስቲ ከዚህ ውስጥ ዜማ አውጣ» አለው። ይሄን ሁሉ አውቀው ነበር። ማወቄ ግን በጆሮዬ አልነበረም። ያቺን መታጠፊያ ሰው ሲነግረኝ እንጂ ራሴ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ክራራቸውን ከትዝታ ወደ ባቲ እየቀየሩ ስድስቱን ክር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ግን፣ የማይልስ ዴቪስን ስም በቅጡ ሳይሰሙ፣ በመጀመሪያው ዙር ያዟት።

ቅኝትና የጃዙ ስኬል አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። የኛዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የሚቆሙ ናቸው፤ «ሶ ዋት» የሚሄድበት ሰባት ነው። አስተሳሰቡ ግን ይዛመዳል፦ ቤቱ አንድ ነው፣ ጥበቡ እቤቱ ውስጥ እንዴት እንደምትመላለስ ነው። ለዚህ ይመስለኛል «ጃዝ ለጀማሪ» እየተባለ ከውጭ የሚመጣው ምክር ሁሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚንሻፈፈው። ለሌላው ሰው አዲስ የሆነው ለኛ እናት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ቀላል የሆነው፣ ለምሳሌ እየሮጠ በየባሩ ኮርድ የሚቀያይረው ቢቦፕ፣ ለኛ ጆሮ ዳገት ነው። አንድ አበሻ ከየት ልጀምር ቢለኝ ዛሬ የምሰጠው ጌታቸው መኩሪያን ነው። ማስታወሻ አያስፈልገውም። ሽለላና ቀረርቶ የሰማ ሰው ያ ሳክስፎን ምን እያለ እንደሆነ ይገባዋል፤ ሰውየው መሣሪያውን አልነፋውም፣ አስፎከረው። በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ እየዞረ የኖረ ሰው፣ በስተርጅና ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮክ ተጫዋቾች ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዐ አንበሳ»ን ሲያወጣ ጎፈሩን ደፍቶ መድረክ ላይ ሲቆም ያየ ሰው፣ ጃዝ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ለሻይ ማጣጫ የሚከፍቱትን ተዉትና፣ ከቤተሰብ ጋር ተጣልቶ ያመሸ ሰው ሆናችሁ ማታ ብቻችሁን ስሙት። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ጃዝ ናቸው አይደሉም በሚለው ደግሞ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥለናል። አይደሉም ባይ እኔ ነበርኩ። አሁንም አይደሉም እላለሁ፤ ግን ፒያኖአቸውን በወር አንዴ ሳልሰማ አላድርም።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የጋሼን ደንብ ለአራት ወር ያህል ካከበርኩ በኋላ ጣስኩት። የፋርማሲ ባለሙያዋ አባት መሪጌታ ናቸው፤ ያደገችው ጾመ ድጓ በሚባልበት ቤት ነው። እኔም በልቤ «ለሷ የሚሆነውን አውቃለሁ» አልኩ። የኮልትሬን «አ ላቭ ሱፕሪም»። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1964 ኒው ጀርሲ ውስጥ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ የተቀረጸ፣ አራት ክፍል ያለው ሥራ ነው። የመጨረሻው ክፍል «ሳም» ይባላል፣ መዝሙር ማለት ነው። ኮልትሬን ለፈጣሪ የጻፈው ግጥም በሸክላው ሽፋን ውስጥ ታትሟል፤ በዚህ ክፍል ላይ ሳክስፎኑ የሚጫወተው ያንን ግጥም ነው፣ ቃል በቃል፣ ሳይናገረው። እንዲህ ያለውን ነገር ሳልነግራት እንዴት ላሰማት? ነገርኳት። ግጥሙን አትሜ እጇ ላይ አኖርኩላት። ጋሼ ጣራውን አዩ።

ሰማች፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ወረቀቱን መለሰችልኝና «ሰውየው ሊያሳምነኝ ይፈልጋል» አለች። «አባቴ ሲያዜሙ ግን ማንንም ሊያሳምኑ አይደለም።»

ምን ይመለሳል? ያ ሥራ ለኔ በምድር ላይ ካሉት ታላላቅ ቀረጻዎች አንዱ ነው። ማታ እቤቴ ገብቼ ግጥሙን ይዤ እንደገና ሰማሁት፤ በጣቴ መስመር በመስመር ተከተልኩት። እያንዳንዱ ስንኝ ሲያበቃ ድምፁ ወደ አንድ ቦታ እየወረደ ያርፋል፣ ልክ አንባቢ ነጥብ ላይ ሲደርስ እንደሚያደርገው። እውነቴን ነበር። እሷም እውነቷን ነው። ምናልባት ወረቀቱን ባልሰጣት ኖሮ ሌላ ነገር ትሰማ ነበር፤ ያን ቀን የሰማችው ግን እኔን ነው፣ እኔ ደግሞ ላሳምናት ነበር የመጣሁት።

የሚገርመው በሚቀጥለው ወር ነው። ተራው የልጁ ነበር፤ ሸክላ የለው፣ ሲዲ የለው፣ ስልኩን አንድ ብርጭቆ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ ከፈተ። ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት ሴት ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብሉዝ ትዘፍናለች፤ ዙሪያዋን ነፊዎች ቆመዋል። ልጁ ማን እንደሆኑ አያውቅም፣ «ሴትየዋ ስታዳምጥ ደስ ስለምትል ነው ያመጣሁት» አለ። እኔ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ቢሊ ሆሊዴይ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1957 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈው የ«ፋይን ኤንድ ሜሎ» ቀረጻ።

መጀመሪያ ቤን ዌብስተር ሳክስፎኑን ይነፋል፤ ወፍራም፣ ሙቅ፣ ደረትን የሚሞላ ድምፅ። ቀጥሎ ሌስተር ያንግ ይነሳል። አንድ ዙር ብሉዝ፣ 12 ባር ብቻ። ኖታዎቹ ጥቂት ናቸው፣ እየዘገዩም ነው የሚመጡት፤ አረፍ ይላል፣ ይጨምራል፣ አረፍ ይላል። ካሜራው ወደ ሆሊዴይ ይዞራል። ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ይመጣና ይሄዳል።

«አያችኋት?» አለች መሪጌታ ያሳደጓት። «የሚለውን አስቀድማ ታውቀዋለች።»

ሦስት ጊዜ አስደገመችን። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የተፈቀደልኝ፤ ስሞቹን የነገርኩት ያኔ ነው። ሌስተር ያንግ ሆሊዴይን «ሌዲ ዴይ» ብሎ እንደሰየማት፣ እሷም «ፕሬዝ» እንዳለችው። እሱ እ.ኤ.አ. ማርች 1959፣ እሷ በዚያው ዓመት ጁላይ 17 ቀን ማረፋቸውን። ኮልትሬንም ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፣ ጁላይ 17፣ ማረፉን አከልኩ፤ ይሄኛውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። አመል ነው።

ለጋሼ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። እሳቸው የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ የአገር ቤት ነው፤ አንድ ቅዳሜ ግን «ዱክ ኤሊንግተንን አሰማኝ፣ የኔ ተራ ይሁንና ያንተን ሸክላ እንጫወት» አሉኝ። ምክንያት ነበራቸው። ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ ላይ ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ጃንሆይም ኒሻን ሸልመውታል። ሙላቱ አጃቢው ሆኖ ከጎኑ ሰንብቷል። ጋሼ ያኔ ወጣት ናቸው። «ትኬት አልነበረኝም» አሉ። «ጓደኛዬ ግን ነበረው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሲያወራልኝ ኖረ መሰለህ! ሙዚቃውን ሳይሆን ልብሱን ነው የሚያወራው። ጫማውን፣ ከረባቱን። ምን ተጫወቱ ስለው 'ጉድ ነው' ይለኛል።» ኤሊንግተን ከዚያ ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 1974 አረፈ።

«ጉድ ነው» የተባለውን ላሰማቸው ይዤ የሄድኩት አሜሪካ ውስጥ በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ የተጫወተውን ቀረጻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1956። ኤሊንግተን ያኔ ዘመኑ አልፏል የሚባልበት ወቅት ላይ ነበር። በሌሊቱ መጨረሻ ገደማ ከ1937 የነበረ ባለ ሁለት ክፍል ድርሰቱን አወጣ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ፖል ጎንሳልቬስ የሚባለውን ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች «እስከፈለግህ ድረስ ሂድ» ብሎ ለቀቀው። ጎንሳልቬስ 27 ዙር ሄደ። እያንዳንዱ ዙር 12 ባር ነው፣ በ27 አባዙት። ሰባተኛው ዙር ገደማ ላይ ሕዝቡ መነሳት ይጀምራል፤ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች አንዲት ሴት ተነስታ ጨፈረች ይባላል፤ ጩኸቱ ከዙር ዙር ሲያድግ በጆሮ ይሰማል። ኤሊንግተን ራሱ ከጎን ሆኖ ሲያጋፍር ይሰማል፣ ልክ እስክስታ የያዘውን ሰው «በለው! በለው!» እንደምንለው።

ጋሼ ሲያበቃ ላብ ላብ ብሏቸው ነበር። «ጓደኛዬ ውሸታም አልነበረም ለካ» አሉ።

አሁን ወሬው። ይሄኛው ወሬ ጥሩ ስለሆነ ይፈቀድልኝ። ያን ሌሊት ጎንሳልቬስ በሸክላ አሳታሚው ማይክሮፎን ፊት አልቆመም ነበር፤ ጎኑ ባለው በሌላው ነበር የነፋው። ያ ሌላኛው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ማይክሮፎን ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሸክላ ላይ፣ ዓለም ያበደበት ሶሎ ራቅ ብሎ ነው የሚሰማው፤ ከአልበሙ ውስጥ ብዙው ክፍል ደግሞ በስቱዲዮ እንደገና ተቀርጾ ጭብጨባ የተለጠፈበት ነበር። የሬዲዮው ቴፕ እ.ኤ.አ. በ1996 ዋሽንግተን ውስጥ ከአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። ሁለቱን ቴፖች አንዱን ለግራ አንዱን ለቀኝ አድርገው አዛምደው በ1999 እውነተኛውን ሌሊት አወጡት። እኛ የሰማነው ይሄኛውን ነው።

ይሄ ብቻም አይደል። ፒያኖ ተጫዋቹ ቴሎኒየስ መንክና ኮልትሬን አብረው የሠሩበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1957 ነው፤ ከዚያ ዘመን የቀረው ቀረጻ እጅግ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራው ላሪ አፕልባውም ቴፖችን ወደ ዲጂታል ለማዛወር ሲያገላብጥ ኖቬምበር 29 ቀን 1957 በካርኔጊ አዳራሽ ያቀረቡትን ዝግጅት አገኘው። የቀረጸው ማን ነው? የአሜሪካ ድምፅ። አርባ ሰባት ዓመት መደርደሪያ ላይ ተኝቷል፤ ድምፁ ግን ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። መንክ ፒያኖውን በክርኑ የሚመታ እየመሰለ ነው የሚጫወተው፣ ኮልትሬን ደግሞ ከላይ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል።

«የአሜሪካ ድምፅ» ስል ልጁ ሳቀ። ለኛ ትውልድ ያ ስም ጃዝ አይደለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አባት ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ደቅነው፣ ልጆች «ዝም በሉ!» የሚባሉበት ሰዓት ነው። የሬዲዮው ድምፅ ይሄዳል ይመጣል፣ አንዱ ይነሳና አንቴናውን ይይዛል። ያው ተቋም በሌላ እጁ የመንክን ፒያኖ ሲቀርጽ እንደነበር ማን አሰበ? እኔን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስተኛኝ አልሆነም። አርባ ሰባት ዓመት የተኛ ቴፕ ካለ፣ የኛስ? በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ያልተቀረጸበት ስንት ቴፕ ይኖር ይሆን?

የልጁ ሁለተኛ ተራ ለዚህ መልስ የመጣ ይመስል ነበር። ከእናቱ መሳቢያ አንድ ካሴት አምጥቶ የጋሼ አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከተተው። የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ»፣ አኮርዲዮን ከኪቦርድ ጋር። ካሴቱ ስለደከመ ድምፁ ይጎተታል፤ ከደቂቃ ደቂቃም ይወርዳል። እኔ «ይሄማ ተበላሽቷል» ልል ስል ጋሼ «ተወው፣ እንዲህም ያምራል» አሉ። ልጁ ሰውየው ምን እንደሚሠራ ሲጠይቅ ነገርኩት፦ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፣ አዲስ አበባ ሂልተን የሚጫወቱት። አሜሪካ ሄዶ ቀረ፤ ይሄን ካሴት በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን ሠራው፤ ከዚያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ኤርፖርት ተሰልፎ መንገደኛ ሲጠብቅ ያወጣና ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ይሄንኑ ሥራ ባሕር ዳር ካንድ ሱቅ ውስጥ አግኝቶ እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚለውን አዲስ አልበም አወጣ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «እናቴ ይሄን ካሴት ልትጥለው ነበር» አለ።

ስለሚጎተት ካሴት ካነሳን፣ የ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» የመጀመሪያ ገጽ ራሱ ለሠላሳ ሦስት ዓመት በትክክለኛ ድምፁ አልተሰማም። የመጀመሪያው ቀን ዋናው መቅረጫ ማሽን ዝግ ብሎ ይዞር ስለነበር፣ ሸክላው ላይ ሲወጣ ሦስቱ ዜማዎች ጥቂት ከፍና ፈጠን ብለው ነው የወጡት፤ ዝግ ብሎ የተቀረጸ በትክክለኛው ፍጥነት ሲከፈት ይሮጣል። የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፣ በመጠባበቂያው ማሽን ቴፕ። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «እኛ ባትሪ ሲያልቅ ነው ጥላሁን እንደ ባስ የሚሰማን፤ እነሱም ለካ ችግራቸው ያው ነው!»

ያለፈው ቅዳሜ ተራው የኔ ነበር። ደንቡን አጥብቄ ለመያዝ ወስኜ፣ ወረቀት ሳልይዝ፣ ስም ሳልናገር የቢል ኤቫንስን ትሪዮ (የሦስት ሰው ባንድ) ከፈትኩ። ኒውዮርክ ከመሬት በታች ባለ ክለብ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1961፣ እሑድ፤ ከሰዓት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሦስት ጊዜ ተጫውተዋል። የዚያን ቀን ሙሉ ቀረጻ የሚጀምረው «ግሎሪያስ ስቴፕ» በሚለው ዜማ ነው፣ መሀል ላይ ግን ድምፁ ድንገት ይቋረጣል።

«መብራት ሄደ?» አለ ልጁ ወደ ጣራው እያየ።

የኛ መብራት አልሄደም። የሄደው የነሱ ነው፣ ኒውዮርክ ላይ፣ ቴፑ እየዞረ ሳለ። ይሄንን ሳልናገር መያዝ ምን ያህል እንደከበደኝ እግዜር ይወቅ። ሲመለስ ሙዚቃው ቀጠለ፤ ከሙዚቃው ጀርባ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሰው ያወራል፣ የሆነች ሴት ትስቃለች። የዚያን ቀን ብዙው ተሰብሳቢ ከልቡ አላዳመጠም፤ ፒያኖው ለስላሳ ነው፣ እንደ እግረ መንገድ ወሬ ነው የሚያልፈው። ጋሼ ብርጭቆዎቹን በጣም ወደዷቸው። «እነዚህ ሰዎች ምን እንደሰሙ አላወቁም» አሉ።

የፋርማሲ ባለሙያዋ ምንም አላለችም። አንገቷን ወደ ግራው ስፒከር አዘንብላ ሦስት ዜማ ሙሉ ቆየች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ቤዙን የሚጫወተው ማነው? ፒያኖውን አያጅብም። ይከራከረዋል፣ ያቋርጠዋል፣ መልሶ ደግሞ ያነሳዋል። እንዲህ ያለ ቤዝ ሰምቼ አላውቅም። የሱን ሌላ ሥራ አምጣልኝ።»

ስኮት ላፋሮ ይባላል አልኳት። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ዜማ ድርሰቱ የሱ ነው።

«እሺ፣ ከዚህ በኋላስ ምን ሠራ?»

ይሄን የጠየቀችኝ ሰው ከዚህ በፊት የለም፤ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ ገና ሸክላው ሳይዞር ቀድሜ የምናገረው። ከዚህ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን ነው የኖረው አልኳት፤ ጁላይ 6 ቀን የመኪና አደጋ። ኤቫንስም ከዚያ ለወራት መድረክ ላይ አልወጣም።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ከመጀመሪያው ክፈተው» አለች። «መብራቱ ከሚሄድበት።»